በዊንተር የማይቀዘቅዝ የዓሣና የጎመን ቤት ልሠራ ነው፤ ከመቆፈሬ በፊት እቅዴን ተቹልኝ

ጀማሪው (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ) · ኦገስት 4

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ከቤታችን ጀርባ ጋራዥ አለ። ከጋራዡ በስተደቡብ ባዶ ሣር ነው። ባለቤቴ «ይሄን ሣር ማጨድ ሰለቸኝ» ማለት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ ደግሞ አኳፖኒክስ ልቤን ወስዶታል። ላልሰማችሁ፦ ዓሣ ታንከር ውስጥ ይረባል፣ ውሃው በፓምፕ ወደ አትክልቱ ይሄዳል። ባክቴሪያዎች የዓሣውን ቆሻሻ ወደ ማዳበሪያነት ይለውጡታል። አትክልቱ ያንን ይመገብና ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። አፈር የለም፣ ማረም የለም።

እቅዴ ይሄውላችሁ። 12 በ20 ጫማ የሆነ፣ በቅስት ቧንቧ ላይ ላስቲክ የለበሰ ግሪንሃውስ። ውስጡ አንድ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንከሮች፤ እነዚያ በብረት ፍርግርግ የታጠሩት ነጫጮቹ። ዓሣው ቆሮሶ ነው፣ እዚህ ቲላፒያ የሚሉት። ጠጠር ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና በሶብላ። ማሞቂያው ፕሮፔን ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ውስጡን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ማቆየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ፕሮፔኑ በወር ስንት ይፈጃል? ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቷል።


እውነቱን ልናገር (ዳላስ) · ኦገስት 4

ወንድሜ፣ ጎመን እኮ ይሸጣል። ዓሣም ይሸጣል። ሱቁ ደግሞ ይሞቃል።


ጀማሪው · ኦገስት 4

ይሸጣል። እኔ የምፈልገው በጃኑዋሪ በር ከፍቼ ገብቼ መቁረጥ ነው። ዳላስ ያለ ሰው አይገባውም :)


ጋሽ ቧንቧ (ቺካጎ) · ኦገስት 5

«ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቷል» ያልከው ላይ ሳቄ መጣ፤ አትቀየመኝ። 26 ዓመት የቤት ማሞቂያ ስጠግን ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ያልከው ቅስት ቤት ላስቲኩ በጠቅላላ 45 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ነጠላ ላስቲክ፣ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ በካሬ ሜትር 6.5 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ውስጡ 20፣ ውጩ ከዜሮ በታች 20 ከሆነ ልዩነቱ 40 ነው። 45 በ6.5 በ40 ስታባዛው ወደ 12 ኪሎዋት ይመጣል። ያውም ሳያቋርጥ። የዲሴምበር ሌሊት ደግሞ 15 ሰዓት ነው። ባርቤኪው ሥር የምትቀመጠዋን የፕሮፔን ሲሊንደር ታውቃታለህ አይደል? በአንድ ሌሊት አንዷን ጨርሰህ ሁለተኛዋን ታጋምሳለህ።

ከዜሮ በታች 20 ደግሞ እናንተ ጋ ዜና አይደለም። ጃኑዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ገብታለች።

ሌላም አለ። ጭስ ማውጫ የሌለው የፕሮፔን ማሞቂያ በታሸገ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ እሱ አንተን ይገድላል። በደንብ ካልነደደ ኤትሊን የሚባል ጋዝም ይወጣዋል፤ እሱ አትክልቱን ያረግፈዋል። ሲነድ ውሃም ይተነፍሳል። ያ ሁሉ እርጥበት ላስቲኩ ላይ ተንጠባጥቦ ቅጠልህን ያሻግተዋል።

ስለዚህ «ማሞቂያው ስንት ይፈጃል» የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አልብስ፣ ቀጥሎ ለሌሊቱ መጋረጃ አበጅ። ከዚያ በኋላ ስለ ማሞቂያ እናወራለን።


እትዬ ጓሮ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ) · ኦገስት 5

ጋሽ ቧንቧ የግድግዳውን ነገር ጨረሱት። እኔ የዓሣውን ልናገር፤ ምክንያቱም ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ቆሮሶ የሙቅ አገር ዓሣ ነው። የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ሲሆን ነው። ከ17 ወይም ከ16 በታች መብላት ያቆማል። ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። እኔ ይሄን አንብቤ ነበር። «ማሞቂያ አለኝ» ብዬ ናቅሁት።

ሦስት ዓመት ሆነው። የፌብሩዋሪ ቅዳሜ ነው፣ ሰርግ ሄደናል። ማታ የውሃ ማሞቂያውና የክፍሉ ማሞቂያ እኩል ሲነሱ ብሬከሩ ወረደ። የገባነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በሀበሻ ቀሚሴ ላይ ካፖርት ደርቤ የግሪንሃውሱን በር ከፈትኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው። ውሃ የሚንፎለፎልበት ቦታ ዝም ሲል ሆድህ ቀድሞ ያውቃል። በስልኬ መብራት ሳየው ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል፤ ነጭ ሆዳቸው ያበራል። 60 ነበሩ። የቀሩኝ አራት ናቸው፣ እነሱም በማግስቱ ሄዱ።

ጥፋቱ የብሬከሩ አይደለም። በማሞቂያ ብቻ የሚኖር ዓሣ እዚህ አገር ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንተም ለዓሣው ብለህ ቤቱን ከምታሞቅ፣ ቤቱ ለሚሰጥህ ሙቀት የሚሆን ዓሣ ምረጥ።


ጀማሪው · ኦገስት 6

እትዬ፣ ሲያነቡት ራሱ ያማል። ጋሼ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ፤ ሲሊንደሯን ሳስብ አደርኩ።

እሺ፣ ቆሮሶ ቀረ። ታዲያ ምን ዓሣ? መብላት እፈልጋለሁ፣ ለጌጥ አይደለም።


እትዬ ጓሮ · ኦገስት 6

እኔ ከዚያ ወዲህ ቀይ ዓሣ ነው ያለኝ፤ ጎልድፊሽ። አይበላም፣ ግን አይሞትም። ጎመኑ ደግሞ ማን እንደመገበው አይጠይቅም።

መብላት ካልክ ሁለት አሉህ። አንደኛው ትራውት ነው። ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ደስ ይለዋል። ከ20 በላይ ይጨነቃል፣ 24 እና 25 ላይ ያልቃል። ስለዚህ በኦክቶበር አንድ ስንዝር የሚሆኑ ልጆች ትገዛለህ፣ ብርዱን ሙሉ ትመግባለህ፣ ሙቀት ሳይገባ ትበላለህ። ብርዱ ያግዝሃል ማለት ነው። ጠባዩ ግን ክፉ ነው፣ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል። አየር መንፊያው አንድ ሰዓት ቢቆም ይቅርታ አያውቅም።

ሁለተኛው የእናንተው አገር ዓሣ ነው፤ «የሎው ፐርች» ይሉታል። ብርድ ይችላል፣ ግን ውሃው ካልሞቀ እድገቱ ይንቀራፈፋል።

አንድም ዓሣ ሳታዝ ለስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ደውል። የትኛው ዓሣ ፈቃድ እንደሚፈልግ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ዓሣውን ካመጣህ በኋላ ማወቅ ውድ ነው።


ቤር ሼቫ 07 · ኦገስት 6

እኛ ጋ፣ እስራኤል፣ ቲላፒያን አምኖን ነው የሚሉት። የእኔ ችግር የናንተ ግልባጭ ነው፤ በኦገስት ታንከሬ 33 ገብቶ ሰላጣው አበባ አወጣብኝ። ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ከመሬት ሥር የሚወጣውን ጨዋማ ሙቅ ውሃ መጀመሪያ ለዓሣ ተጠቅመው ቀጥሎ የወይራ ዛፍ የሚያጠጡ ኪቡጾች (የጋራ እርሻ መንደሮች) አሉ። ሙቀቱ በነጻ ነው። ቅናት ይዞህ እንዳትሞት።


ጋሽ ቧንቧ · ኦገስት 7

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ።

ሴንት ፖል ዲሴምበር 21 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 21 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ቀኑም ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። ያቺ ፀሐይ የምትመጣው ከደቡብ ነው። ከሰሜን፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ያለው ላስቲክ ሙቀት ከማባከን በቀር ምን ይሠራልሃል? ምንም። ስለዚህ ብርሃን የሚያስገባው ደቡቡ ብቻ ይሁን። እሱንም ወደ 60 ዲግሪ አቁመው፤ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላታል፣ በረዶም አይቆይበትም።

ሰሜኑ ጋራዥህ ነው፤ በነጻ የተሠራ ግድግዳ። በጋራዡ ደቡብ ላይ አስደግፈው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 3። ደቡቡን 16 ሚሊሜትር ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ)፣ የቀረውን ግድግዳና ጣሪያ በወፍራም ፎም የተሞላ እንጨት። ይሄ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ «ዲፕ ዊንተር ግሪንሃውስ» ብሎ የሚያሰራጨው ንድፍ በዚሁ መንገድ ነው። እነሱ ከወለሉ ሥር ድንጋይ ሞልተው፣ ቀን ጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ሙቅ አየር በፋን ወደ ድንጋዩ ያወርዱታል። ሌሊት ድንጋዩ ይመልሰዋል።

አሁን ሒሳቡን ድገመው። ደቡቡ 14 ካሬ ሜትር ነው። ሌላውን ሁሉና በስንጥቅ የሚወጣውን ጨምረህ፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት የምታጣው 50 ዋት ገደማ ነው። አየሩን 20 ላይ ማቆየቱንም ተወው። ጎመን 5 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የደጋ ልጅ ነው። ውጩ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን 50 በ25፣ አንድ ኪሎዋት ከሩብ። ሌሊት ደቡቡ ላይ ወፍራም መጋረጃ ብታወርድበት ከ700 ዋት በታች ይወርዳል።

ከ12 ሺህ ዋት ተነስተን ከአንድ ፀጉር ማድረቂያ በታች ገባን። ማሞቂያ ገና አልገዛንም።


ጀማሪው · ኦገስት 7

ጋሼ፣ ይሄን ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ሰውየው ቤታችንም መጥቶ ይይልን» አለች።

ግን 2000 ሊትር ውሃ አለኝ። ውሃው ራሱ ሙቀት ይይዛል ይባላል። ያ ብቻውን አይበቃም?


ጋሽ ቧንቧ · ኦገስት 7

ይይዛል፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ሁለቱ ታንከሮችህ ሦስት ዲግሪ ቢወርዱ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በመጋረጃ ከሆነ 10 ሰዓት ያሻግርሃል፣ ያለ መጋረጃ 5 ሰዓት ተኩል። ሌሊቱ 15 ነው ብዬሃለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ሦስት ቀን ሲደመር ደግሞ ውሃውም እጁን ይሰጣል።

ስለዚህ አንዱን ታንከር ለዓሣው፣ አንዱን ለሙቀት ማከማቻ አድርገው። ሁለተኛውን ጥቁር ቀባውና ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ አቁመው። የዓሣውን ግን በ5 ሴንቲሜትር ፎም ከሥር እስከ ላይ ጠቅልለው፣ ክዳንም አብጅለት። ጠቅልለህ ከከደንከው 12 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ከአንድ አሮጌ አምፖል ያነሰ ዋት ይበቃዋል።

ሙሉ ታንከር ከአንድ ቶን በላይ ነው። መሬቱን ሳትጠቀጥቅ እንዳትሞላው።


እትዬ ጓሮ · ኦገስት 8

ጋሽ ቧንቧ ያላነሱት አንድ ነገር አለ። የታንከሩን ጎን ሁሉ ብትጠቀልል፣ ውሃውን ሌሊቱን ሙሉ በጠጠር አልጋ ላይ ካዞርከው ድካምህ ከንቱ ነው። ያ ጠጠር ራዲያተር ነው። ሙቁን ውሃ ቀዝቃዛ አየር ላይ ዘርግተህ መልሰህ ወደ ዓሣው ትልከዋለህ። እኔ ይሄን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ሌሊት ፓምፑ በሰዓት ቆጣሪ በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ከወትሮው በ3 ዲግሪ ሞቆ ጠበቀኝ። የአየር መንፊያው ግን መቼም አይቆምም።

ለአየር መንፊያው ባትሪ ግዛ። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳውን ዓይነት። ከዓሣው በፊት ግዛው።

ባክቴሪያውን ደግሞ አሁን ጀምር፣ በኦገስት። በሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በብርድ ከጀመርከው ግን እስከ ገና ትጠብቃለህ። ጋራዥ ውስጥ አንድ በርሜል ውሰድ፣ ጠጠሩን ሙላ፣ ንጹሕ አሞኒያ (ከዓሣው የሚወጣው፣ ባክቴሪያው የሚመገበው) ጠብ እያደረግህ ውሃውን አዙረው። ግሪንሃውሱ ሲያልቅ ጠጠሩን ታዛውረዋለህ። የከተማው ውሃ ክሎራሚን የሚባለው የጀርም መግደያ ካለበት እንደ ክሎሪን በማስቀመጥ አይወጣም፤ ማርከሻውን ጨምርበት።


ደብረ ብርሃን 2840 · ኦገስት 10

«በዊንተር የማይቀዘቅዝ» የሚል ነገር አይቼ ገባሁ። ዊንተር ስትሉ የእኛን ክረምት፣ ሐምሌን መስሎኝ ነበር፤ ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚበርዳችሁ!

እኛም ጋ ግን ጉዳዩ አለ። ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩ ድንቹን ያነደዋል። እኔ ትንሽ የላስቲክ ቤት አለኝ፣ አንድ ሮቶ ላስገባና ዓሣ ልሞክር አስባለሁ። የናንተ ቁልቁል የቆመ መስታወት እኛ ጋ ይሠራል?


ጋሽ ቧንቧ · ኦገስት 10

አንተ እዚያ እድለኛ ነህ። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ 57 ዲግሪ ላይ ናት። እናትህ ቤት ጣሪያ ላይ ስጥ የምታደርቅ ፀሐይ ናት። ስለዚህ ደቡቡን ማቆም አያስፈልግህም፣ ጣሪያው ራሱ ይቀበላል።

ያንተ ጠላት ጥርት ያለው ሰማይ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ውርጩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ማታ ፀሐይ ሳትገባ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በላስቲኩ ላይ ጆንያም ሆነ ብርድ ልብስ አልብሰው፤ ጠዋት ግፈፈው። በሮቶው ዙሪያ ውሃ የሞሉ ጥቁር በርሜሎች ደርድር። ባንተ ቦታ ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

ዓሣው ቆሮሶ ባይሆን ይሻላል። ካርፕ ብርድ ይችላል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄደህ የዓሣ ጫጩት ጠይቅ። መብራት የሚጠፋበት ቦታ ስለሆነም ጥቂት ዓሣ ብዙ ውሃ ውስጥ አድርግ።


እውነቱን ልናገር · ኦገስት 10

ባሌ ወንዞች ውስጥ ትራውት አለ አይደል? ወንድሜ ዌብ ወንዝ ላይ ሲያጠምድ የተነሳው ፎቶ አለኝ።


እትዬ ጓሮ · ኦገስት 10

አለ። ከውጭ ገብቶ የተለቀቀ ነው። ትራውት የት የት እንደሚኖር ካየህ ብርድ እንደሚወድ ይገባሃል።

አየህ፣ አንተም ፍላጎት አለህ :)


ጀማሪው · ሴፕቴምበር 21

ጠፋሁ፤ እየቆፈርኩ ነበር።

እዚህ መሬቱ ራሱ እስከ 42 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር በላይ፣ ይበርዳል ብለው ነው የቤት መሠረት የሚያስቆፍሩት። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ «ፎሙን በዙሪያው ወደ መሬት አስገባው፣ ብርዱ በጎን እንዳይገባ» አለኝ። 4 ጫማ ለመቆፈር ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የጎረቤቴ ልጅ አይስክሬም እየበላ «መዋኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ስህተት ሠራሁ፤ ላስጠንቅቃችሁ። የጋራዡ ጣሪያ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። በረዶው ተንሸራቶ የሚወርደው ልክ በፖሊካርቦኔቴ አናት ላይ ነው። ይሄን ያየሁት ፍሬሙን ካቆምኩ በኋላ ነው። አሁን ጣሪያው ጠርዝ ላይ የበረዶ መያዣ ብረት አስመትቻለሁ። ያልታሰበ 200 ዶላር።

ባክቴሪያው ግን ደረሰ! እትዬ እንዳሉት በርሜል ውስጥ ነበር። ለአምስት ሳምንት በየማታው ያቺን ትንሽ የአሞኒያ መመርመሪያ ብልቃጥ በውሃው እሞላለሁ፣ ጠብታዎቹን እጨምራለሁ፣ 5 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሁሌም አረንጓዴ ነበር፤ አሞኒያው አላለቀም ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ቢጫ ሆነች። ጥርት ያለ ቢጫ። ልጄን ቀስቅሼ አሳየኋት። «ሽንት ይመስላል» ብላ ተመልሳ ተኛች።


እትዬ ጓሮ · ሴፕቴምበር 21

እንኳን ደስ አለህ! ስንት ዓሣ ልትገዛ ነው? አትቸኩል። ለ1000 ሊትር መጨረሻ ላይ 10 ኪሎ ዓሣ ይብቃህ። 40 ግዛ።

አልጋውንም አትዘርጋ። ለቅጠላ ቅጠል በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ የሚበላ ዓሣ ያስፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) መመሪያም የሚለው ይሄንኑ ነው። 10 ኪሎ ዓሣ በቀን 150 ግራም ቢበላ፣ 3 ካሬ ሜትር ይቀልብልሃል። መጀመሪያ ላይ ዓሣው ትንሽ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ነው የሚቀልበው፤ ጎመንህ ቢገረጣ አትደንግጥ። ታናናሽ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከሆነ ግን የብረት እጥረት ነው፤ ለዚህ የሚሸጥ የብረት ዱቄት አለ።

ጎመኑን አሁኑኑ ዝራ። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ እናንተ ጋ የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት በታች ነው። በዚያ ጊዜ አትክልት አያድግም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሳይጨልም አድጎ መጠበቅ አለበት፤ አንተ እንደ ጓዳ እየገባህ ትቆርጣለህ። ቃሪያውን ለሜይ ተወው። በሶብላውንም።


ጀማሪው · ኦክቶበር 16

ስለ ዓሣው ፈቃድ ደውዬ አጣርቼ ጨረስኩ። ዓሦቹ ዛሬ ገቡ። 40 ትራውት፣ እጄን የሚያህሉ። ከረጢቱን ውሃው ላይ ግማሽ ሰዓት አንሳፍፌ፣ ቀስ እያልኩ ቀላቅዬ ለቀቅኋቸው። ታች ወርደው ጥግ ላይ ተከመሩ። ሙቀቱ 14።

እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ አየቻቸው። «ለሁዳዴ ነው?» አለችኝ። እሷ ራሷ በሁዳዴ ዓሣ አትነካም፤ እኔን ልትይዘኝ ነው። «ለፋሲካ ነው» አልኳት። ይደርሳሉ ወይ?


እትዬ ጓሮ · ኦክቶበር 16

በደንብ ከበሉ ይደርሳሉ። ውሃው ከ8 በታች ከወረደ ግን መኖውን ቀንስ። ያልተበላ መኖ ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያውም በብርድ ሰነፍ ነው፣ አሞኒያው ይወጣብሃል። እኛ ሀበሾች «ብሉ እንጂ!» እያልን ነው ዓሣ የምንገድለው።


ጀማሪው · ጃኑዋሪ 14

ትናንት ማታ ከዜሮ በታች 27 ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መጋረጃውን አወረድኩ። አየሩ 9፣ ውሃው 12 ነበር። ማሞቂያው 1500 ዋት የሚሆን ተራ የኤሌክትሪክ ሂተር ነው። 4 ዲግሪ ላይ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ፤ በራሱ ብሬከር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መብራት ጠፍቷል። ሰፈሩ በሙሉ።

በፒጃማና በበረዶ ቡትስ ወጣሁ። በሩን ስከፍት፣ እትዬ፣ የእርስዎ ዝምታ ትዝ ብሎኝ ልቤ ቆሞ ነበር። ግን ዝምታ የለም። የባትሪው መንፊያ እንደ ንብ እየጮኸ ነው። የታንከሩን ክዳን ከፍ አደረግሁት። ሙቅ የሚመስል ጭጋግ ፊቴን መታኝ፤ 12 ዲግሪ ውሃ ሙቅ ይመስላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዓሦቹ ታች ተሰልፈው ወደ አረፋው ዞረዋል። ቆጠርኳቸው። 38 ናቸው፤ ሁለቱ በኖቬምበር ዘለው ወጥተው ሞተውብኝ ነው ክዳኑን ያጠበቅሁት።

መብራቱ የመጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። አየሩ ዜሮ ነጥብ 5 ድረስ ወርዶ ነበር። ውሃው 11። የጎመኑ ቅጠል ጠዋት ላይ እንደ ቆዳ ተልፈስፍሶ አየሁትና አለቀስኩ ማለት ይቀላል። 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲመታው ቀና አለ።

የዲሴምበር የመብራት ቢል ከአምናው በ61 ዶላር በልጧል። ባለቤቴ «ሣሩን ከማጨድ ይሻላል» ብላለች፤ እንደ ምርቃት ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ችግር አለኝ። ጠዋት መጋረጃውን ልሰበስብ ስል ከታች በኩል ከፖሊካርቦኔቱ ጋር በበረዶ ተጣብቋል። ስስበው አንድ ስንዝር ያህል ተቀደደ። ምን ላድርግ?


ጋሽ ቧንቧ · ጃኑዋሪ 14

ጎበዝ።

እርጥበቱ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ቀዝቃዛው ፖሊካርቦኔት ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ታች ይጠራቀምና ይጋገራል። መጋረጃውን ከፖሊካርቦኔቱ አራት ጣት አርቀህ በሽቦ ላይ አንጠልጥለው፣ እንዳይነካው። ጎንና ጎኑን ግን በደንብ ዝጋው፣ አየር ከኋላው እንዳይዞር። ታች ላይ ውሃው የሚፈስበት ትንሽ አሸንዳ አድርግለት። የተጋገረውን አሁን አትታገለው። 5 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ታላቅቅልሃለች።

የተቀደደውን በዚያ በብርማው ቴፕ ለጥፈው፤ በጨርቁ ሳይሆን በፎይሉ።


እውነቱን ልናገር · ጃኑዋሪ 14

38ቱን ለፋሲካ ስትጠብስ ዳላስ ድረስ ትልካለህ ወይስ እኔ ልምጣ?


ጀማሪው · ጃኑዋሪ 14

ና። ካፖርት ይዘህ ና።

ጋሼ፣ አሸንዳውን ነገ እሠራለሁ። ፎይል ቴፑ ጋራዥ ውስጥ አለ።